የልጅ ልደት ለማስመዝገብ ቀበሌ ከመሄዳችሁ በፊት

ወንድሜ የልጁን ልደት ሲያስመዘግብ አብሬው ተመላልሻለሁ። አራት ቀን ፈጀብን። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀበሌው ከቤታችን ሁለት መንደር አልፎ ነው። ከሠራተኞቹ አንዷ ስምንተኛ ክፍል አብራኝ ተምራለች። እንዲያም ሆኖ አራት ቀን።

በነሱ ለማማረር ቸኩዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን ከአራቱ ቀን ቢያንስ ሁለቱ የኛው ጥፋት ናቸው። የወንድሜ መታወቂያ ላይ የአባታችን ስም «ገ/መድህን» ይላል። የጋብቻ ወረቀቱ ላይ «ገብረ መድኅን» ተብሏል። ጤና ጣቢያው የሰጠን ወረቀት ላይ ደግሞ «ገብረመድን»። መዝጋቢዋ ሦስቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸውና «የሕፃኗ አያት ስንት ናቸው?» አለችን። ሳቅን። እሷም ሳቀች። ግን አልመዘገበችም።

ከዚያ ወዲህ ለጎረቤትም ለዘመድም የምለው አንድ ነገር ነው፦ የቀበሌ ጉዳይ ግማሹ የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው። ወረቀቶቻችሁ እርስ በርስ ከተስማሙ መዝጋቢው የሚይዘው ሰበብ አይኖርም። ካልተስማሙ ደግሞ ዘመድ ቢኖራችሁም አያድናችሁም። የሚፈርመው ሰው ነገ የሚጠየቀው በወረቀቱ ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ ልደት ምዝገባ ነው። የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባም በዚያው በር ስለሚያልፉ ልዩነታቸውን እግረ መንገዴን እነካካለሁ።

መጀመሪያ በሩን ለዩ

በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉንም ቢሮ «ቀበሌ» ብሎ ይጠራል። ለባለጉዳይ ግን በር መሳሳት የግማሽ ቀን ኪሳራ ነው። በጥቅሉ መታወቂያ፣ የነዋሪነት ማስረጃ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው መሸኛ እና የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ) ምዝገባ የቀበሌ ሥራ ናቸው። ቦታ፣ ካርታ እና የግንባታ ፈቃድ ማዘጋጃ ቤት ነው። የንግድ ፈቃድ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ግብር ገቢዎች። ስም መቀየር፣ ፍቺ እና የወራሽነት ማስረጃ ከሆነ መነሻው ፍርድ ቤት ነው፤ ቀበሌ ተሰልፋችሁ አትድከሙ።

ታላላቆቻችን «የልደት ሰርተፍኬት ማዘጋጃ ቤት ነው» ቢሏችሁ አልተሳሳቱም፤ በነሱ ጊዜ እንደዚያ ነበር። አሁን ያለው አሠራር የመጣው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። ሥራው በይፋ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን አዋጁም ኋላ በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ተሻሽሏል። ሐምሌ 30ን ያዟት። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ጉዳይ «ነባር» ይባላል፤ የሚጠየቀው ማስረጃም ይለያል።

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር ቦታው ነው። ልጁ ዞን ከተማ ባለ ሆስፒታል ቢወለድም የምታስመዘግቡት እናንተ በምትኖሩበት ቀበሌ ነው። ከሆስፒታሉ የምትፈልጉት የልደት ማሳወቂያውን ብቻ ነው። እሱን ሳትይዙ ከሆስፒታል አትውጡ። ኋላ ለአንዲት ወረቀት ብላችሁ ትራንስፖርት ከፍላችሁ ስትመለሱ ደግሞ ያዋለደችው ነርስ ፈረቃዋ አይደለም ትባላላችሁ።

90 ቀን እንዴት ይቆጠራል

ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ ደግሞ በ30 ቀን። ይህን ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ ቆጥሮ የሚሄደው ግን ጥቂት ነው። አራስ ቤት ውስጥ ቀን የሚቆጥር የለም።

እኔ የማውቀው ቀላል ዘዴ የክትባት ካርዱ ነው። ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛው እና በ14ኛው ሳምንት ይከተባሉ። 10ኛው ሳምንት 70ኛው ቀን ማለት ነው። 14ኛው ሳምንት ግን 98ኛው ቀን ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ሁለተኛውን ዙር ክትባት ካስከተባችሁ በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ቀበሌ ሂዱ። ካርዱ እጃችሁ ላይ ነው፣ ልጁም ትንሽ ጠንከር ብሏል። ለሦስተኛው ዙር ስትሄዱ ካስታወሳችሁ ዘግይታችኋል።

ዘገያችሁ ማለት ግን በሩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ምዝገባው «የዘገየ» ተብሎ ይከናወናል። ክፍያው ሊጨምር ይችላል፤ ለምን እንደዘገያችሁም ትጠየቃላችሁ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ያላችሁ ከሆነም እፍረት ይዟችሁ ቤት አትቀሩ። ብቻ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ማስረጃ፣ የተወለደበትን ቀን የሚያሳይ ያገኛችሁትን ሁሉ ሰብስቡ።

ቤት ለተወለደ ልጅ ቀድማችሁ የምታነጋግሩት የቀበሌያችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነው። ቤት ለቤት ስትዞር አራሷን አይታታለች፤ ማን መቼ እንደወለደ ከቀበሌው ሊቀመንበር ይልቅ እሷ ታውቃለች።

ቤት ውስጥ የሚያልቀው ሥራ

የሚጠየቁት ወረቀቶች ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን እነዚህ ናቸው፦ ከጤና ተቋሙ የተሰጠ የልደት ማሳወቂያ፣ የሁለቱም ወላጆች የታደሰ መታወቂያ፣ ካለ የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ጉርድ ፎቶ። ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ያዙ። ኮፒውን ከትናንት ማታ ጀምሮ አዘጋጁት። ጠዋት መብራት ከጠፋ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ተዘግቶ እናንተም ደጃፉ ላይ ተቀምጣችሁ ትውላላችሁ።

«የታደሰ» የሚለው ቃል ላይ ዓይናችሁን ጣሉ። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያ ይዞ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚላከው ወደ እድሳት መስኮት ነው። ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ክፍያ። ከሌላ ከተማ መጥታችሁ መሸኛ ያላስገባችሁ ከሆነም ልደቱን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ሁለቱም ወላጆች አብራችሁ ብትሄዱ ይሻላል። አንዳችሁ መሄድ የማትችሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ቦታ ውክልና ይሉሃል፤ ሌላው ቦታ የመታወቂያ ኮፒ ይበቃል ይላል። ባል አረብ አገር፣ ሚስት እዚህ የሆነበት ቤት ብዙ ስለሆነ መዝጋቢዎቹ ለጥያቄው አዲስ አይደሉም።

ዋናው ሥራ ግን ስም ማመሳሰል ነው። ከአራቱ ቀን ሁለቱን የበላብን እሱ ነው።

ማታ ላይ ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የእያንዳንዱን ሰው ስም በየወረቀቱ ላይ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። አማርኛ በዚህ ጣጣ አለው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ጆሮ ላይ አንድ ናቸው። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ»፣ «ሠናይት» እና «ሰናይት»ም እንዲሁ። አንዳንድ መዝጋቢ አይቶ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ ይመልሳችኋል። ነገ ፓስፖርት ወይም ውርስ ላይ የሚገጥማችሁ የትኛው እንደሆነ ስለማታውቁ ዛሬ አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አጭር አጻጻፍ ነው። «ገ/»፣ «ወ/»፣ «ኃ/»፣ «ተ/»። መታወቂያ የሚጽፉ ሰዎች መስመሩ ስለሚጠባቸው ያሳጥሩታል። «ኃ/» ኃይለ ነው ወይስ ኃብተ? «ተ/» ተክለ ነው ወይስ ተስፋ? የልጃችሁ ወረቀት ላይ ሙሉውን አስጽፉ። መጣበቁም ቁም ነገር ነው፤ «ገብረ መድኅን» ተለይቶ ከተጻፈ በላቲኑ በኩል ሁለት ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። የልጁ ስም፣ ያባት ስም፣ ያያት ስም ሲባል «መድኅን» አያት ሆኖ አረፈው።

ላቲን ካልኩ አይቀር፣ የምስክር ወረቀቱ ስሙን በላቲን ፊደልም ይይዛል። እዚያ ላይ መዝጋቢው የመሰለውን እንዲጽፍ አትተዉለት። ወላጆች ፓስፖርት ካላችሁ የናንተ ስም እዚያ እንዴት እንደተጻፈ አይታችሁ ያንኑ አጻጻፍ ስጡ። ፋይዳ (ብሔራዊ መታወቂያው) ላይ የተመዘገባችሁበትንም እዩ። አባት በአንድ ኤስ፣ ልጅ በሁለት ኤስ ከተጻፈ ኤምባሲ በር ላይ ዘመድነታችሁን ለማስረዳት ብዙ ትለፋላችሁ።

ልዩነቱ ቀላል ከሆነ ጤና ተቋሙ ሄዳችሁ ማሳወቂያውን አስተካክሉ። ወረቀቱን የጻፉት እነሱ ናቸው፣ ካርዱም እነሱ ጋ ነው። እኛ በመጨረሻ ያደረግነው ይህንን ነበር፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መታወቂያው ከሆነ የተሳሳተው ቀበሌው ራሱ በእድሳት ጊዜ ያርመዋል። ጋብቻው ላይ ከሆነ ግን ለመዝጋቢው አስቀድማችሁ አሳዩትና የቱን ወረቀት መነሻ እንደሚያደርግ ጠይቁት።

ከዚያ አንድ ንጹሕ ወረቀት አውጡ። በጉልህ የእጅ ጽሑፍ የልጁን ስም፣ ጾታ፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ፣ የእናትና የአባትን ሙሉ ስም በግዕዝም በላቲንም ፊደል ጻፉ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አድርጉት። ይህን ማንም አይጠይቃችሁም። ግን መዝጋቢው ፊት ስታስቀምጡለት ከሱ ላይ እያየ ይገለብጣል፤ በጆሮ እየሰማ ከሚጽፍ እጅግ ይሻላል። ቢሮው ውስጥ ሰው እየገባ እየወጣ፣ ስልክ እየጮኸ፣ ሕፃን እያለቀሰ «ሰ ንጉሡ ነው እሳቱ?» ከመባባል ገላገለን።

ቀኑን ራሳችሁ አስሉት

የፈረንጁን ቀን ቤት ሳላችሁ አስሉት። እንደ ነገሩ የሚያሰላ መዝጋቢ ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ወይም 7 ደምሮ ያልፋል።

ደንቡ ይህ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ልጅ ከሆነ 7 ይደመራል። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ለምሳሌ ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 የተወለደች ልጅ ልደቷ ጃንዋሪ 3 ቀን 2025 ነው። 7 ብቻ ከተደመረ ጃንዋሪ 2024 ትሆናለች፤ በአንድ ብዕር አንድ ዓመት ሙሉ ታድጋለች።

በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ይንሸራተታል። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው፤ ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። 2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። በዚያ ዓመት የጃንዋሪ 1 ቀን የዋለው ታኅሣሥ 22 ነው። ስልካችሁ ላይ የቀን መቀየሪያ ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ፤ ግን ይህንን ወሰን እያወቃችሁ።

ጳጉሜን ለተወለደ ልጅ ደግሞ «ነሐሴ 30 ይባል» የሚል ምክር ይመጣላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ከዘመድ ነው የሚመጣው። አትስሙ። ጤና ጣቢያው ጳጉሜን 3 ብሎ ጽፎ እናንተ ነሐሴ 30 ካላችሁ ወረቀቶቻችሁ ገና በመጀመሪያው ቀን ተጣሉ ማለት ነው።

መቼ ይኬዳል

የተለመደው የመንግሥት ሥራ ሰዓት ከ2፡30 እስከ 6፡30፣ ከሰዓት ከ7፡30 እስከ 11፡30 ነው። ዓርብ ጠዋት 5፡30 ላይ ይወጣሉ። ሰኞ ጠዋት ስብሰባ ይበዛል። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሰው አካሉ ቢሮ ልቡ ቤት ነው። እኔ ማክሰኞና ረቡዕ ጠዋትን እመርጣለሁ፤ የገበያ ቀን ካልሆኑ። በትንሽ ከተማ የገበያ ቀን ከገጠሩ የመጣው ሰው ዕቃውን ሸጦ ጉዳዩንም ጨርሶ ሊመለስ ስለሚፈልግ ቢሮዎች ይጨናነቃሉ። እሱ ሦስት ሰዓት ተጉዞ መጥቷል፤ ቀኑን ተዉለት።

ከቻላችሁ የሰኔን መጨረሻና ሐምሌን ዝለሉ። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፤ ሪፖርት ሁሉንም ይዟቸዋል። ሐምሌ ደግሞ የግብር ወቅት ስለሆነ ግቢው በነጋዴ ይሞላል። 90 ቀኑ እዚያ ውስጥ ካለቀ ግን ቀን አትምረጡ፣ ሂዱ።

ከሁሉ በፊት ባዶ እጃችሁን አንድ ጊዜ ብቅ በሉ። ከገበያ ስትመለሱ ጎራ ብላችሁ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብዙ ቢሮ «የዜጎች ቻርተር» የሚባል ሰሌዳ አለው፤ የትኛው አገልግሎት ምን እንደሚጠይቅ፣ በስንት ጊዜ እንደሚያልቅና ስንት እንደሚከፈል ይዘረዝራል። ክፍያው ከክልል ክልል ስለሚለያይ እዚህ ቁጥር አልጽፍም። የሰሌዳውን ፎቶ መያዝ ግን ጥቅሙ ብዙ ነው። «እንደዚህ ዓይነት ነገር አይጠየቅም እኮ፣ ሰሌዳው ላይ የለም» ለማለት ድፍረት ይሰጣል።

ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ

አንዳንዱ ቀበሌ ቅጽ ይሰጣችኋል፣ አንዳንዱ ማመልከቻ ይላል። ማመልከቻ ከተባላችሁ በር ላይ ለተቀመጠው ጸሐፊ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ ሞክሩት። ረጅም መሆን የለበትም፦

«ቀን ______
ለ______ ቀበሌ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የልጄን ልደት ስለማስመዝገብ
እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተገለጸው አመልካች የቀበሌው ነዋሪ ስሆን ልጄ ______ በ______ ቀን ______ ዓ.ም. በ______ ጤና ተቋም ተወልዷል። ስለሆነም ልደቱ ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ፣ ______ ገጽ ማስረጃ አያይዤ በአክብሮት አመለክታለሁ።
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ»

አለቀ። «የድሀ እንባ ጠባቂ የሆነው መሥሪያ ቤታችሁ» ምናምን አያስፈልግም። «______ ገጽ» የሚለውን ግን አትዝለሉ። ከፋይሉ አንድ ወረቀት ቢጠፋ ማስገባታችሁን የምታሳዩት በሱ ነው።

ማመልከቻው ኃላፊው ጋ ይገባና ጫፉ ላይ በእጅ ጽሑፍ ይመራል፦ «ለወሳኝ ኩነት፣ ይፈጸም»። ከዚያ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል። እዚህ ጋ ገቢ ቁጥሩን ያዙ። በትንሽ ከተማ ይህን መጠየቅ እንደ ንቀት የሚቆጠር ይመስላል። እኔን የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ «ምን ያደርግልሃል፣ አላውቅህም እንዴ!» ብለውኝ ነበር። «እርስዎማ ያውቁኛል ጋሼ፤ ነገ እርስዎ ባይኖሩ ግን የሚቀመጠው ሰው በቁጥሩ ነው የሚያገኝልኝ» አልኳቸው። ጻፉልኝ። በማግስቱ እውነትም ለቅሶ ሄደው አልነበሩም።

ክፍያ ላይ ብዙ የምለው የለም። ደረሰኝ ያለው ይከፈላል። ደረሰኝ የሌለው «የሻይ» ከሆነ «ደረሰኝ ይቆረጥልኝ?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ጉዳይ ገዳዮችም ግቢው ውስጥ አይጠፉም። የሚሠሩላችሁ ሥራ እናንተ ከምትሠሩት አይለይም፤ ልዩነቱ ኦሪጅናል ወረቀታችሁ የማታውቁት ሰው ኪስ ውስጥ ማደሩ ነው።

ማህተም ከመመታቱ በፊት

መዝጋቢው ጽፎ ሲጨርስ «እዚህ ፈርሙ» ይላችኋል። ከኋላ ሰልፍ አለ፣ ልጁ ያለቅሳል፣ እናንተም ለመውጣት ቸኩላችኋል። ቆም በሉ። «አንዴ ላንብበው» በሉና መዝገቡን ወደ ራሳችሁ አዙሩ።

የምታነቡበትም ዘዴ አለው። እንደ ወትሮው ከላይ ወደ ታች ካነበባችሁ ዓይን የሚያውቀውን ስም ሳያይ ያልፈዋል። ያን የመረጃ ወረቀት አጠገቡ አስቀምጡና በጣታችሁ ፊደል በፊደል ተከተሉ። ጾታ ላይ ምልክቱ የት እንደተደረገ እዩ። የእናትየዋን ስም ለይታችሁ ተመልከቱ፤ ብዙ ሰው የአባትን ስም አጣርቶ የእናትን ይዘነጋል። ከዚያ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ቀጥሎ የላቲኑን ጽሑፍ። ሁለታችሁም አብራችሁ ከሆናችሁ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይመልከት።

የኛ አራተኛ ቀን የተረፈው በዚህ ነው። ወንድሜ ሊፈርም ብዕር ይዞ ሳለ ሚስቱ «አንዴ…» አለች። የእናት ስም መስመር ላይ የሱ እናት ስም ገብቷል። የሕፃኗ አያት የሕፃኗ እናት ሆነው ነበር። መዝጋቢዋ ይቅርታ ጠይቃ በአዲስ ቅጽ ጻፈችው፤ አምስት ደቂቃ። ማህተም ከተመታበት በኋላ ቢሆን ማመልከቻ፣ ማስረጃ፣ እንደ ስህተቱ ክብደትም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ልንጠየቅ እንችል ነበር።

የምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉም ድጋሚ አንብቡ። መዝገቡ ልክ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ሲገለበጥ የሚሳሳት አለ። ማህተሙ ፊርማውን ነክቶ መታተሙን፣ ቁጥሩ መነበቡን፣ ፎቶ ካለውም ማህተሙ ፎቶው ላይ ማረፉን እዩ።

«ነገ ተመለሱ» ሲባል

ይባላል። ዝግጅታችሁ የቱንም ያህል ቢሆን አንድ ጊዜ ይባላል። መቆጣት አያዋጣም፤ በትንሽ ከተማ የተቆጣችሁበትን ሰው ነገ ሠርግ ቤት አጠገባችሁ ታገኙታላችሁ። ዝም ብሎ መመለስም አያዋጣም። ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ምን ጎደለ? አሁን ወረቀቱ ማን ጋ ነው? ነገ ስመጣ ማንን ልጠይቅ?

መልሱ እንደ ሰበቡ ነው። «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ከተባለ «ወክለው የሄዱት ሰው ማነው?» በሉ፤ ብዙ ጊዜ አለ። «ሲስተም የለም» ከተባለ ስልክ ቁጥር ተቀባብላችሁ ሲመለስ እንዲደውሉ ለምኑ፤ ይደውላሉ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ከተማ መሆኑ ይጠቅማል። «ቅጹ አልቋል» ከሆነ ግን ከሁሉም ይከፋል፤ ከላይ እስኪመጣ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ያኔ ቢያንስ ማመልከቻችሁ በዛሬው ቀን ገቢ እንዲሆን አድርጉ። 90 ቀኑ ቢያልፍ መዘግየቱ የናንተ አለመሆኑን ያ ቁጥር ይናገራል።

ሦስት ጊዜ ተመልሳችሁ ምክንያቱ በየቀኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ቅሬታ ጊዜው ደርሷል። መጀመሪያ ለቀበሌው ኃላፊ በቃል። ካልሆነ ለከተማው ወይም ለወረዳው ቅሬታ ሰሚ በጽሑፍ፣ ቀኖቹንና የተባላችሁትን ዘርዝራችሁ፣ ገቢ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ። ስድብ አትጨምሩበት፤ ቀንና ቁጥር ይበቃል። ከዚያም አልፎ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በክልሎችም ቅርንጫፍ አለው፣ አቤቱታ የሚቀበለውም በነፃ ነው። እስከዚያ የሚደርስ የልደት ምዝገባ ግን እኔ አላየሁም።

ሌሎቹ ኩነቶች ባጭሩ

ሞት በለቅሶው መካከል ይረሳል፤ 30 ቀኑ ደግሞ ከአርባው ቀድሞ ያልቃል። ከቤተሰቡ ሐዘኑ ትንሽ ራቅ ያለለትን አንድ ሰው ወክሉ። የጡረታና የውርስ ጉዳይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሞት ምስክር ወረቀቱ ነው።

ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ ወይም በሽማግሌ ቢፈጸምም መመዝገብ አለበት። ሁለቱም 18 ዓመት የሞላቸው መሆን ይጠበቅባቸዋል። ለምስክርነት የምትጠሯቸው ሰዎች የታደሰ መታወቂያ ያላቸው መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሚዜ ሆነው ሱፍ ለብሰው መጥተው በመታወቂያ ምክንያት የተመለሱ አይቻለሁ። ፍቺ ደግሞ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ይዞ ነው፤ ያለሱ ቀበሌው ምንም ማድረግ አይችልም።

ከወጣችሁ በኋላ

የምስክር ወረቀቱን እዚያው በር ላይ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ከፊትም ከጀርባም። ለባልም ለሚስትም በቴሌግራም ላኩት። አምስት ስድስት ኮፒ አስነሱና ኦሪጅናሉን ፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ክተቱት።

ፋይዳ ስላለን ይህ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። ፋይዳ የመታወቂያ ጉዳይ ነው፤ አሻራና የዓይን ምስል ወስዶ ሰውየው ራሱ መሆኑን ያረጋግጣል። ልጁ ከማን፣ የት፣ መቼ እንደተወለደ የሚመሰክረው የልደት ወረቀቱ ነው። ለልጁ ፓስፖርት ስታወጡ ኢሚግሬሽን የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ልጁ አድጎ ፋይዳ ሲመዘገብም ስሙንና ቀኑን ከዚሁ ወረቀት ላይ አስገልብጡ።

አንድ ነገር ብቻ፦ ላሚኔት አታስደርጉት። ፎቶ ኮፒ ቤቱ «እንዳይቀደድብዎ» ብሎ ሊያሽገው ይፈልጋል። ወደ ውጭ የሚላክ ሰነድ ግን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥና ማህተም መቀበል አለበት፤ ላስቲክ ላይ ማህተም አይይዝም። ወንድሜ ከቀበሌ ወጥቶ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ሊያሸገው ነበር። ከእጁ ነጥቄ ወሰድኩበት።